አቧራ የመነዘረው ብርሃን

  የምናገርበት ጉዳይ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ቢሆንም ልዩ ዝግጅት አይጠይቅም። እሳት እንደሚሞቅና ብርሃን እንደሚጋረድ የሚያውቅ ሁሉ ሊከተለኝ ይችላል። ቀመር አልጽፍም፤ ቁጥር ግን እጠራለሁ፤ በዚህ መስክ ክርክሩን የሚቆርጠው ቁጥር ነውና። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በዩኒቨርስ ታሪክ ውስጥ ከተወለዱት ከዋክብት እኩሌታ ያህሉ፣ ካደጉት ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶችም ብዙዎቹ፣ ዓይን ዘልቆ በማያየው የአቧራ መጋረጃ ውስጥ ሆነው ነው የተወለዱትና ያደጉት። መጋረጃውን ገልጠን ማየት አንችልም። ነገር ግን አቧራው የዋጠውን ብርሃን በሌላ መልክ መልሶ ያወጣዋል፤ እኛም ያንን ለቅመን ከጀርባው ምን እንደተሠራ ማስላት እንችላለን። ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ አቧራው ብርሃንን እንዴት እንደሚለውጥና ያንን ለመለካት የሰው ልጅ ምን እንዳደረገ እናገራለሁ። ቀጥዬ የከዋክብትን ውልደትና የጥቁር ጉድጓድን ሥራ በምን እንደምንለይ አሳያለሁ። በመጨረሻም አንዱ ለሌላው ጠላት ነው ወይስ አጋዥ የሚለውን፣ ዛሬም ያልተዘጋውን ክርክር አነሳለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩ የታወቀው በ1800 በእንግሊዝ አገር ነው። ዊልያም ሄርሸል በ1781 ዩራነስ የምትባለውን ፕላኔት በማግኘቱ ስሙ የገነነ የሰማይ ተመራማሪ ነበር። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ዓይኑን ለመከላከል ባለ ቀለም መስታወት ይጠቀም ነበር። አንዳንዱ መስታወት ብርሃኑን አጨልሞ ሙቀቱን ሲያሳልፍ፣ ሌላው ሙቀቱን አስቀርቶ ብርሃኑን ሲያሳልፍ ልብ አለ። ቀለማት ሙቀታቸው ይለያይ ይሆን ብሎ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ጠረጴዛ ላይ አሳረፈው። ጫፉን ጥቁር የቀባውን ቴርሞሜትር በየቀለሙ ላይ እያኖረ፣ ሌሎቹን ደግሞ ለማመሳከሪያ ከብርሃኑ ገለል አድርጎ፣ ልዩነቱን መዘገበ። ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ በሄደ ቁጥር ይጨምራል። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ጠርዝ አሳልፎ ምንም ቀለም ወደሌለበት ቦታ ገፋው። መለኪያው ይወርዳል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ከቀዩም በልጦ ወጣ። ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የምንለው ጨረር ይኸው ነው።

ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ኢንፍራሬድ ከዚያ ይነሳና እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ይዘልቃል። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ያበራል። ፀሐይ ገጿ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ብርሃኗ የሚበረታው ለዓይን በሚታየው ክልል ነው። እዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁላችን የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ በመሆኑ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ እያበራን ነው። ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነገር እንኳ ጨርሶ ጨለማ አይደለም፤ በ100 ማይክሮሜትር አካባቢ ያበራል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

የጋላክሲ አቧራ ስል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር የሚያንስ የካርቦንና የሲሊኬት ብናኝ ማለቴ ነው። ያረጁ ከዋክብት ከላያቸው የሚያራግፉት፣ የሚፈነዱትም የሚረጩት ነው። በክብደት ከጋዙ አንድ መቶኛ ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ኮከብ የሚወለደው ጋዝ በታጨቀበት ደመና ውስጥ ስለሆነ አቧራውም የሚበዛው እዚያው፣ ገና በተወለዱት ዙሪያ ነው። ግዙፍ ከዋክብት ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ በመሆኑ ብዙዎቹ ከተወለዱበት ደመና ሳይርቁ ይሞታሉ። አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያወጡት ከሐምራዊው ወዲያ ባለው የማይታይ ጨረር፣ በአልትራቫዮሌት፣ ሲሆን፣ አቧራ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚውጠው ይህንኑ ጨረር ነው። የዋጠው ብናኝ ትንሽ ይሞቃል፤ ያንኑ ሙቀት በኢንፍራሬድ ይለቀዋል።

ነገሩ 200 ብር እንደ ማስመንዘር ነው። አንዱ ኖት ብዙ ዝርዝር ይሆናል፤ ድምሩ ግን አይለወጥም። አንድ የአልትራቫዮሌት ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ በአቧራ እጅ ሲያልፍ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሺሕ የሚጠጉ ደካማ የኢንፍራሬድ ፎቶኖች ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበቱ ሲደመር ያው ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን አንድም ሳያስቀር የቆጠረ ሰው የተመነዘረው ስንት እንደነበር ያውቃል። ዝርዝሩን የማይቆጥር ደግሞ ጋላክሲው ድሃ ነው ብሎ ይፈርዳል። አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ዝርዝሩ ማን እንዳስመነዘረው አይናገርም። ይህን ለሁለተኛው ክፍል ላቆየው።

ቆጠራውን አስቸጋሪ ያደረገው የራሳችን ሰማይ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ከመንገድ ያስቀረዋል፤ ቴሌስኮፑም ራሱ ሞቃት ስለሆነ በሚፈልገው ብርሃን ራሱ ያበራል። መፍትሔው ቴሌስኮፑን ከአየር በላይ ማውጣትና እጅግ ማቀዝቀዝ ሆነ። በጥር 1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታንያ በጋራ ያመጠቁት አይራስ የተባለ ሳተላይት መስተዋቱ 60 ሴንቲሜትር የማይሞላ ነበር። በፈሳሽ ሂሊየም ስለሚቀዘቅዝ ሂሊየሙ እስኪያልቅ አሥር ወር ብቻ ሠራ። በእነዚያ አሥር ወራት 96 በመቶ የሚሆነውን ሰማይ አሰሰ። ካገኛቸው ነገሮች መካከል ከሚታየው ብርሃናቸው የኢንፍራሬዱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጋላክሲዎች ነበሩ።

ከነዚህ አንዷ አርፕ 220 ናት። ከእኛ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ለዓይን በሚታየው ብርሃን የተነሳ ፎቶዋን ብታዩ የተዛባ ቅርጽ ያላት፣ መሐሏ በጥቁር የአቧራ ቅዳጅ የተከፈለ ጋላክሲ ከመሆኗ በቀር የሚያስደንቅ ነገር አታገኙም። የኢንፍራሬዱ ልኬት ሲጨመር ግን ብርሃኗ ከአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ በላይ ሆነ፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውም በኢንፍራሬድ የሚወጣ ነው። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው እየተዋሐዱ መሆናቸው ሲታወቅ ምክንያቱም ተከተለ፤ ግጭቱ ጋዙን ወደ መሐል ነድቶ በጠባብ ቦታ አጭቆታል። እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች በእኛ ሰፈር ብርቅ ናቸው። ጥያቄው በሩቁ፣ ማለትም በጥንቱ ዩኒቨርስ፣ ብርቅ ነበሩ ወይ የሚል ሆነ።

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው በ1989 የመጠቀው ኮቤ የተባለው ሳተላይት ነው። በመረጃው ላይ የሠሩ ቡድኖች በ1990ዎቹ መላው ሰማይ ደብዛዛ የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚያፈልቅ አረጋገጡ። ይህ በዘመናት ሁሉ የኖሩ ጋላክሲዎች ያፈለቁት ብርሃን ድምር ሲሆን፣ መጠኑ ከሚታየውና ከአልትራቫዮሌቱ ድምር ጋር ተቀራራቢ ሆነ። በሌላ አነጋገር ከዋክብት ካፈለቁት ብርሃን ግማሽ ያህሉ በአቧራ ውስጥ አልፏል። የሚታየውን ብቻ የቆጠረ የሥነ ፈለክ መዝገብ ሁሉ ግማሽ መዝገብ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ከአንዲት ጠባብ የሰማይ ቁራጭ የመጣ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በታኅሣሥ 1995 ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በታላቁ ድብ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ባዶ በሚመስል ቦታ ላይ ለአሥር ቀናት ዓይኑን ተከለ። ከምስሉ ውስጥ 3,000 የሚያህሉ ጋላክሲዎች ተቆጠሩ። በወቅቱ ከዚያ የጠለቀ ምስል አልነበረም። ቀጥሎ በሃዋይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ማውና ኬያ ተራራ ላይ የተተከለው ባለ 15 ሜትር የጄምስ ክለርክ ማክስዌል ቴሌስኮፕ ያንኑ ቁራጭ በ850 ማይክሮሜትር ተመለከተ። በ1998 በታተመው ውጤት በሐብል የሺሕ ጋላክሲ ሰማይ ላይ የታዩት ጎልተው የወጡ ነጥቦች አምስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ጉድ ቁጥራቸው ማነሱ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ደግሞ ከሁሉ ለደመቀችው ነጥብ፣ ኤችዲኤፍ 850.1 ለተባለችው፣ በሐብል ምስል ላይ የእርሷ ነው የሚባል ጋላክሲ አለመገኘቱ ነው።

የታየው ነጥብ ብዥ ያለ ስለነበር በስፋቱ ውስጥ ሐብል የቆጠራቸው በርካታ ጋላክሲዎች ይገባሉ፤ አንዱን ከሌላው መምረጥ ለዓመታት አከራከረ። በ2012 በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ላይ ያለው የራዲዮ አንቴናዎች ስብስብ ከካርቦን ሞኖክሳይድና ከካርቦን የሚወጡትን፣ በተወሰነ የሞገድ ርዝመት ላይ ጎልተው የሚታዩ የብርሃን መስመሮች ያዘ፤ ርቀቷም ታወቀ። ብርሃኑ ከእርሷ የተነሳው ዩኒቨርስ ገና 1.1 ቢሊዮን ዓመት ሲሞላው ነው። ዩኒቨርስ እየሰፋ በመሄዱ የሞገዱ ርዝመት በመንገድ ላይ ከስድስት እጥፍ በላይ ተለጥጧል። በዓመት የምትወልዳቸው ከዋክብት ክብደት ወደ 850 ፀሐይ ይጠጋል፤ ፍኖተ ሐሊብ የምንላት የራሳችን ጋላክሲ በዓመት የምትወልደው የአንድ ወይም የሁለት ፀሐይ ያህል ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የከዋክብቷን ብርሃን ራሱን ሊያይ በቃ። ሐብል ግን ከሺዎቹ ጋላክሲዎች መካከል በትጋት የምትሠራውን ነበር ያጣት።

ሰው ይጠይቃል፤ እንዲህ ሩቅ ነገር በ850 ማይክሮሜትር እንዴት ይደምቃል? የቀዝቃዛ አቧራ ብርሃን የሚበረታው በ100 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው ብያችኋለሁ። ጋላክሲው በራቀ መጠን ብርሃኑ ይዳከማል፤ ዳሩ ግን የዚያኑ ያህል ስለሚለጠጥ ያ ብርቱ ክፍል ወደ መመልከቻችን ይቀርባል። ሁለቱ ስለሚካካሱ አንድ ዓይነት ጋላክሲ ከሰባት ወይም ከአሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት ቢሆን ለእንዲህ ያለው ቴሌስኮፕ እኩል ይደምቃል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ቅናሽ የምታደርገው አልፎ አልፎ ነው፤ ተመራማሪዎችም ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። ድምሩን ቆጠርን እንበል፤ ያስመነዘረው ማን ነው? ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ወጣት ከዋክብትና ጋዝ እየዋጠ ያለ ጥቁር ጉድጓድ። ጥቁር ጉድጓድ ራሱ አያበራም። የሚያበራው ወደ እርሱ እየተሽከረከረ የሚወድቀው ጋዝ በፍትጊያ ሲግል ነው። ኮከብ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም ሲለውጥ ከክብደቱ ወደ ጉልበት የሚቀየረው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወርድ ጋዝ ግን 10 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ከሥርዓተ ፀሐያችን ብዙም የማይሰፋ ቦታ የጠቅላላውን ጋላክሲ ከዋክብት ሊያስንቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

በጋላክሲ መሐል ጥቁር ጉድጓድ መኖሩን ያረጋገጠልን ትልቁ ማስረጃ ራሱ የኢንፍራሬድ ሥራ ነው። ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት ከሚነሳ የሚታይ ብርሃን በአቧራው ምክንያት ወደ እኛ የሚደርሰው ከትሪሊዮን አንድ ያህል ነው። በ2.2 ማይክሮሜትር ግን ከአሥር አንድ ያህሉ ይደርሳል። ራይንሃርድ ጌንሰልና አንድሪያ ጌዝ የየራሳቸውን ቡድን መርተው በዚህ መስኮት የከዋክብትን ጉዞ ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሉ። አንዱ ኮከብ ማንም በማያየው ነጥብ ዙሪያ በ16 ዓመት ይዞራል፤ ነጥቡ ደግሞ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። በ2020 ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የፊዚክስ ኖቤልን የተካፈሉት በዚህ ነው። የኛው ጥቁር ጉድጓድ ግን በአሁኑ ጊዜ የሚበላው እምብዛም ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው። የሚያስቸግሩን ሩቆቹ፣ በኃይል የሚበሉት ናቸው።

እነርሱን ከከዋክብት የምንለይባቸው ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። ኮከብ የሚወለድበት ደመና ሰፊ ነው፤ አቧራው በአብዛኛው ከዜሮ በታች 230 ወይም 240 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ብርሃኑም ወደ 100 ማይክሮሜትር ያደላል። ከሚበላ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ያለው አቧራ ግን ወደ ትነት አፋፍ፣ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግላል፤ ብርሃኑም ከጥቂት ማይክሮሜትር ጀምሮ እስከ ጥቂት አሥርተ ማይክሮሜትር ይጎላል። ስለዚህ የአንድን ጋላክሲ ኢንፍራሬድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የለካ ሰው በአጭር ሞገድ በኩል ያበጠውን የሙቁን ድርሻ በረጅም ሞገድ በኩል ካበጠው የቀዝቃዛው ድርሻ ይለያል። ይህ መንገድ ግን ፍጹም አይደለም፤ የጥቁር ጉድጓዱ ብርሃን ርቆ ሄዶ ቀዝቃዛውን አቧራ ሊያሞቅ ስለሚችል።

ሁለተኛው መንገድ ካርቦንና ሃይድሮጅን በቀለበት የተያያዙባቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። ከእንጨት ጭስና ከመኪና ጭስ ውስጥ የሚገኙት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በከዋክብት ጨረር ሲነኩ በ6.2፣ በ7.7ና በ11.3 ማይክሮሜትር ላይ ሰፋፊ ጉብታዎች ያሳያሉ። በጥቁር ጉድጓድ አቅራቢያ ያለው ብርቱ ጨረር ግን ይበጣጥሳቸዋል፤ የተረፉትንም የጋለው አቧራ ብርሃን ይሸፍናቸዋል። ጉብታው ጎልቶ የታየበት ጋላክሲ የከዋክብት ሥራ የበዛበት ነው፤ ጉብታው የጠፋበት ደግሞ ያጠራጥራል። ከ2003 እስከ 2020 የሠራው ስፒትዘር ቴሌስኮፕ ይህን ልኬት ወደ ሩቅ ጋላክሲዎች አደረሰው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው፣ የኒዮን ምስክርነት ነው። ኒዮን አንድ ኤሌክትሮን ሲነጠቅ በ12.8 ማይክሮሜትር ላይ መስመር ያወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ማንኛውም ግዙፍ ወጣት ኮከብ ሊያደርገው ይችላል። አራት ኤሌክትሮን ሲነጠቅ ደግሞ መስመሩ በ14.3 ማይክሮሜትር ላይ ይወጣል። አራተኛውን ለመንጠቅ 97 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ብርቱ ጨረር በብዛት ማፍለቅ የጥቁር ጉድጓድ ግብር ነው፤ ተራ ከዋክብት አይደርሱበትም። የሁለቱ መስመሮች የሞገድ ርዝመት ተቀራራቢ በመሆኑ አቧራ ቢያደበዝዛቸውም ሁለቱንም በተመሳሳይ ልክ ነው የሚያደበዝዛቸው። የአንዱን መጠን ለሌላው ስናካፍል የአቧራው ተጽዕኖ ተሰርዞ ይወጣል፤ የሚቀረው የጨረሩ ብርታት ነው።

ጌንሰልና ባልደረቦቹ በአውሮፓው አይሶ ሳተላይት ተጠቅመው በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህን ዓይነት ምስክርነት ከሞለኪውሎቹ ጉብታ ጋር አጣምሮ አርፕ 220ን የመሳሰሉ 15 ጋላክሲዎችን መረመረ። ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በዋናነት የሚያበሩት በከዋክብት ውልደት ሲሆን ቀሪዎቹ በጥቁር ጉድጓድ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ጥያቄው ግን በዚህ አልተዘጋም። የአርፕ 220 እምብርት በአቧራ እጅግ የታጨቀ ስለሆነ 14 ማይክሮሜትር የሆነ ጨረር እንኳ ላይወጣ ይችላል። የኒዮን መስመር ከታየ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ካልታየ ግን የለም ማለት አይቻልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ምስክር ይጠራል። ኤንጂሲ 6240 የተባለችው ተጋጭ ጋላክሲ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች በአንድነት እንደሚበሉባት የታየው በ2002 ቻንድራ በተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው።

የዚህ ክፍል ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ጥያቄው “ኮከብ ነው ወይስ ጥቁር ጉድጓድ?” የሚል ነበር። በልኬት ሲፈተሽ በብዙ ጋላክሲዎች ሁለቱም ተገኙ፤ ጥያቄውም የድርሻ ጥያቄ ሆነ። ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ የጋዝ ክምችት ስለሆነ አብረው መገኘታቸው ሊያስደንቅ አይገባም። የሚያስደንቀው በሦስተኛው ክፍል የማነሳው ነው።

ሁለቱ አብረው የሚገኙ ብቻ ሳይሆኑ በታሪክም አብረው የወጡና የወረዱ ናቸው። የከዋክብት ውልደት ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ማለትም ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ዛሬ ከዚያ አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው የቀረው። የጥቁር ጉድጓዶች ዕድገትም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። ከዚህም ሌላ በቅርብ ባሉ ጋላክሲዎች የጥቁር ጉድጓዱ ክብደት ከጋላክሲው የመሐል እብጠት ከዋክብት ክብደትና ፍጥነት ጋር ይያያዛል። ጥቁር ጉድጓዱ የሚመዝነው ከከዋክብቱ ከብዙ መቶዎች አንድ እጅ ብቻ፣ ስበቱም የሚደርሰው በአቅራቢያው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ትስስር ከየት መጣ?

ብዙዎች የሰጡት መልስ ጥቁር ጉድጓዱ ጋላክሲውን ይገራል የሚል ነው። አንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ እስኪያድግ የሚያወጣው ጉልበት የጋላክሲውን እብጠት አስሮ ከያዘው የስበት ጉልበት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ወደ ጋዙ ቢገባ ጋዙን ጠራርጎ ለማውጣት ይበቃል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ከ2009 እስከ 2013 የሠራው፣ በዊልያም ሄርሸል ስም የተሰየመው ባለ 3.5 ሜትር የጠፈር ቴሌስኮፕ ማርካሪያን 231 በተባለችው ጋላክሲ ውስጥ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ሞለኪውል በሴኮንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ሲነፍስ አየ። ሞለኪውል የሚገኝበት ጋዝ ኮከብ የሚሠራበት ቀዝቃዛው ጋዝ ነው። እየወጣ ያለው የነገው ኮከብ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ማስረጃም አለ፤ ከእኛው አገር ጋር የተያያዘ ስለሆነም ደስ እያለኝ ነው የምጠቅሰው። በ2017 ሩዋንዳዊው አንትዋን ማሆሮ፣ በእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻና ምርምር ማዕከል ይሠሩ ከነበሩት ከዶክተር ሚርያና ፖቪችና ከሩዋንዳው ፊኒያስ ንኩንዳባኩራ ጋር ያሳተሙት ጥናት በሄርሸል ቴሌስኮፕ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። ያጠኗቸው ጋላክሲዎች ከዋክብት በብዛት ከሚወልዱት ሰማያዊዎችና መውለድ ካቆሙት ቀዮች መካከል፣ በሽግግር ላይ ያሉ ናቸው። ጥቁር ጉድጓዱ ውልደትን የሚያቆም ከሆነ ምልክቱ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ሊታይ ይገባ ነበር። በሩቅ ኢንፍራሬድ ከደመቁት መካከል ግን ጥቁር ጉድጓዳቸው የሚበላው ጋላክሲዎች ከማይበላባቸው ጓደኞቻቸው የላቀ የከዋክብት ውልደት አሳዩ። ተመራማሪዎቹም የጥቁር ጉድጓዱ ግፊት ጋዙን ጨቁኖ ውልደቱን ሊያነሳሳ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚታይ ብርሃን መመልከቻዎች ናቸው። ይህን ጥናት ያስቻለው የሄርሸል መረጃ መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆኑና መጠየቅ የሚያውቅ ሰው መገኘቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ መዝገቡ ዛሬም ክፍት ነው።

ታዲያ ያጠፋል ወይስ ያቀጣጥላል? በእኔ አስተያየት ብዙው ጭቅጭቅ የመጣው ሁለቱን የምንለካባቸው ሰዓቶች ስለሚለያዩ ነው። በሩቅ ኢንፍራሬድ የምንለካው የከዋክብት ውልደት ባለፉት አሥርተ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም እስከ መቶ ሚሊዮን በሚደርሱ ዓመታት የተወለዱት አማካይ ነው። ጥቁር ጉድጓድ ግን ከዚህ እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ሊበላ፣ ሊጠግብ፣ እንደገና ሊበላ ይችላል። የአንዱን የዘመናት አማካይ ከሌላው የቅጽበት ሁኔታ ጋር ማነጻጸር ትስስሩን ያደበዝዘዋል። ዛሬ ጸጥ ያለው ትናንት የገደለ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የሚያበራውም ገና ምንም አላደረገ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ጋላክሲ ይልቅ የብዙ ሺሕ ጋላክሲዎች ድምር የበለጠ ይነግረናል፤ ድምሩም ሁለቱ ለረጅም ዘመን አብረው እንደኖሩ ይናገራል።

ጄምስ ዌብ ሥራ ከጀመረበት ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር ተጨምሯል። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ እጅግ ትንንሽ፣ እጅግ ቀይ ነጥቦች በብዛት ታዩ። በብዙዎቹ ውስጥ የሃይድሮጅን ጋዝ በሴኮንድ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች ሲሽከረከር ይታያል፤ ይህ የሚበላ ጥቁር ጉድጓድ ምልክት ነው። ነገር ግን ኤክስሬያቸው ደካማ ነው፤ የጋለ አቧራ ሊያሳይ የሚገባው ብርሃንም ጎልቶ አይታይም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቅላታቸው ከአቧራ የመጣ ሳይሆን ጥቁር ጉድጓዱን ከከበበ ጥቅጥቅ ጋዝ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ እስካሁን ስነግራችሁ የቆየሁት ደንብ፣ የጠፋው ብርሃን ሁሉ በሩቅ ኢንፍራሬድ ይገኛል የሚለው፣ በእነዚህ ላይ አይሠራም። ደንቡን የሚፈትነው ደግሞ ያው የኢንፍራሬድ ልኬት ነው፤ አቧራ ቢኖር የዋጠውን መልሶ ማውጣቱ አይቀርምና።

ለመደምደም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ መሣሪያዎቻችን የት እንዳሉ ልንገራችሁ። ጄምስ ዌብ የሚያየው እስከ 28 ማይክሮሜትር ነው። በቺሌ በአታካማ በረሃ፣ በ5,000 ሜትር ከፍታ ላይ 66 አንቴና ያለው አልማ የሚጀምረው ከ300 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ያለው፣ የአቧራማ ጋላክሲዎች ጉልበት አብዛኛው የሚወጣበት ክልል፣ ሄርሸል በ2013 ሂሊየሙ ካለቀበት ወዲህ በጠፈር ተመልካች አጥቷል። በቦይንግ 747 ላይ ተጭኖ ይበር የነበረው ሶፊያም በ2022 ሥራውን አቁሟል። ናሳ በ2024 ለተጨማሪ ጥናት ከመረጣቸው ሁለት ዕቅዶች አንዱ፣ ፕሪማ የተባለው፣ ይህንኑ ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ነው፤ ተፎካካሪው አክሲስ ደግሞ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው። ለመብረር የሚመረጠው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱም የተደበቁትን ጥቁር ጉድጓዶች ለማግኘት ይጠቅማሉ፤ የከዋክብቱን ድርሻ አብሮ ሊቆጥር የሚችለው ግን የኢንፍራሬዱ ነው። ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዩኒቨርስ በሥራ በተጠመደበት ዘመን ማን ምን ያህል እንደሠራ በልበ ሙሉነት መናገር የምንችለው ይህ ክልል እንደገና ሲለካ ነው።